የተነከሰውን ልጅ ጊዜ አትብሉበት

በዕድሜ የምትስተካከሉኝ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ የዕድር ዳኞች፣ የአገር ሽማግሌዎች፣ የጽዋ ማኅበር ሙሴዎች፣ የንስሐ አባቶች፣ ይህ ማስጠንቀቂያ ለእናንተ ነው። ለልጆቻችን አልጽፈውም። እነሱ በትምህርት ቤት ሰምተውታል፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም ቤት ለቤት እየዞሩ ይነግሯቸዋል። ነገር ግን ልጅ በውሻ በተነከሰ ምሽት አባትና እናት የሚመጡት ወደ እኛ ነው። «ምን ብናደርግ ይሻላል?» ብለው ዓይን ዓይናችንን ያያሉ። «ግድ የለም፣ ቁስሉ ትንሽ ነው» ካልን ይቀመጣሉ። «እገሌ ጋ ውሰዱት፣ መድኃኒቱን ያውቃል» ካልን ወደዚያው ይሄዳሉ። «በዓሉ ይለፍና ታዩታላችሁ» ካልንም ይጠብቃሉ። ቃላችን ይከበራል፤ የሚያስፈራኝም ይኸው ነው።

ዕድሜዬን በጤና ረዳትነት ነው የጨረስኩት። ወባ አይቻለሁ፣ ተስቦ አይቻለሁ፣ በወሊድ የሄዱ እናቶችን ቀብሬአለሁ። እንደ እብድ ውሻ በሽታ ግን ውስጤን ያቃጠለው የለም፤ በዚህ በሽታ የሞተ ልጅ ሁሉ ሊድን የሚችልበት ረጅም ጊዜ ነበረውና። የዓለም ጤና ድርጅት በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰው በዚህ በሽታ እንደሚሞት ይገምታል። አብዛኞቹ የእስያና የአፍሪካ ገጠር ሰዎች ናቸው፤ ከተጠቂዎቹም 40 በመቶ ያህሉ ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች ነው። አገራችን በሽታው ከሚበረታባቸው አገሮች አንዷ ናት። ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ ከሞት የተረፈ ሰው በዓለም ዙሪያ በጣት ይቆጠራል። ከምልክቱ በፊት ግን ሰውን ማዳን የሚቻልበት መንገድ ከመቶ ዓመት በላይ ሲሠራበት ቆይቷል። በንክሻውና በምልክቱ መካከል ያለው ጊዜ ነው የልጁ ሕይወት። ያን ጊዜ በምክራችን እየበላንበት ነው።

ለምን እንዲህ እንደምል እንዲገባችሁ በሽታውን የሚያመጣውን ነገር ልንገራችሁ። ነገሩን ያላወቀ ሰው «ፍጠኑ» ሲባል ነገሩ ሰውን ለማስፈራራት ይመስለዋል።

የሰው ገላ ሁሉ በዓይን ከማይታዩ ሕዋሳት የተሠራ ነው፤ ጡንቻውም፣ ቆዳውም፣ አንጎሉም። እያንዳንዱ ሕዋስ ራሱን ይመግባል፣ የሚያስፈልገውን ፕሮቲን ይሠራል፣ ሲጎዳም የሚችለውን ያህል ይጠግናል። ቫይረስ ከዚህ ሁሉ አንዱንም አያደርግም። አይበላም፣ አይተነፍስም፣ አያድግም። ከሕያው ሕዋስ ውጭ ሆኖ አንድ እንኳ የራሱን ዓይነት መውለድ አይችልም። ያለው ነገር ቢኖር ስለ ራሱ አሠራር የሚናገር አጭር መመሪያና መመሪያውን የሚጠብቅ ሽፋን ብቻ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ መመሪያ አር ኤን ኤ በሚባል ነገር ላይ የተጻፈ ሲሆን ወደ 12,000 ፊደል ብቻ አለው፤ የሰው ልጅ መመሪያ ግን 3 ቢሊዮን ያህል ፊደል ነው። ከዚያ አጭር ጽሑፍ የሚሠሩት ፕሮቲኖች አምስት ናቸው። አምስት ብቻ። በእነዚህ በአምስቱ ግን ጎልማሳ ሰው ይጥላል፣ በሬም ይጥላል።

ቅርጹ እንደ ጥይት ነው፤ በአንድ ጫፉ ሾጠጥ ይላል፣ በሌላው ጠፍጣፋ ነው። በጣም ከማነሱ የተነሣ ጫፍ ለጫፍ ቢደረደር በአንድ ሚሊ ሜትር ውስጥ ከአምስት ሺሕ በላይ ይገባል። ስለዚህም ነው ሉዊ ፓስተር በአጉሊ መነጽሩ ፈልጎ ያጣው። ፓስተር እ.ኤ.አ. ጁላይ 6 ቀን 1885 ፓሪስ ውስጥ ጆሴፍ ማይስተር የተባለውን በውሻ ክፉኛ የተነከሰ የ9 ዓመት ልጅ መከተብ ጀመረ፤ ልጁም ዳነ። ክትባቱ የተሠራው በበሽታው ከሞተች ጥንቸል ተወስዶ ከደረቀ ኅብለ ሰረሰር ነበር። ፓስተር ጠላቱን ሳያየው ነው ያሸነፈው። እ.ኤ.አ. በ1903 ኢስታንቡል ይሠራ የነበረው ፈረንሳዊ ሐኪም ፖል ረምሊንጀር የበሽታው መንሥኤ ባክቴሪያ በማያሳልፍ ማጣሪያ ውስጥ እንደሚያልፍ አሳየ። በዚያው ዓመት ጣሊያናዊው አደልቺ ነግሪ በሞቱ እንስሳት የአንጎል ሕዋሳት ውስጥ ቫይረሱ የሚተወውን ምልክት አገኘ። በዚያው ዓመትም አዲስ አበባችን በእብድ ውሻ ወረርሽኝ እንደታወከች በታሪክ ተመዝግቧል። እንግዲህ ይህ በሽታ በዚህች ከተማ መታወቅ ከጀመረ ስንት ትውልድ እንዳለፈ አስቡት።

አሁን ወደ ንክሻው እንምጣ። የታመመ ውሻ ሲነክስ በምራቁ ውስጥ ያለው ቫይረስ ከጥርሱ ጋር ወደ ሥጋ ይገባል። በቫይረሱ ሽፋን ላይ ተሰክተው የቆሙ ፕሮቲኖች አሉ፤ ሳይንቲስቶች «ጂ ፕሮቲን» ይሏቸዋል። እያንዳንዱ ቫይረስ የሚይዘውን ሕዋስ የሚመርጠው እንዲህ ባሉ ፕሮቲኖች ነው። ኮሮና የመተንፈሻ አካላችንን ሕዋሳት፣ ኤችአይቪ ደግሞ ገላችንን የሚጠብቁትን ነጭ የደም ሕዋሳት የሚይዘው በሽፋኑ ላይ ያለው ፕሮቲን እዚያ የሚገጥመውን ስለሚያገኝ ነው። የእብድ ውሻው ቫይረስ የሚፈልገው ነርቭን ነው። ነርቭና ጡንቻ በሚገናኙበት ቦታ፣ አንጎል «እጅህን አንሣ» ብሎ ሲያዝ ትእዛዙ በሚደርስበት በዚያው ሥፍራ ላይ፣ ጂ ፕሮቲኑ ይጣበቃል።

ሕዋሱም የመጣበትን ሳያውቅ ራሱ ተቀብሎ በትንሽ ከረጢት ጠቅልሎ ወደ ውስጥ ያስገባዋል። ነርቭ በጣም ረጅም ሕዋስ ነው፤ አንዱ ጫፉ የልጁ እግር ላይ ሆኖ ዋናው አካሉ ወገቡ አካባቢ ሊሆን ይችላል። ከጫፍ ወደ ዋናው አካል የሚያስፈልገውን ሁሉ የሚያጓጉዝበት የራሱ መስመር አለው። ቫይረሱ በዚያ መስመር ላይ ይሳፈራል። በራሱ ኃይል አንድ እርምጃ አይራመድም፤ የሚጎትተው የልጁ የገዛ ነርቭ ነው። ዋናው የሕዋሱ አካል ሲደርስ በከረጢቱ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ይኮመጥጣል። ጂ ፕሮቲኑ በኮምጣጣው የተነሣ ቅርጹን ይለውጣል፤ የቫይረሱ ሽፋን ከከረጢቱ ግድግዳ ጋር ይዋሃዳል፤ መመሪያውም ወደ ሕዋሱ ውስጥ ይፈስሳል።

ከዚያ በኋላ የሚሆነው የሰው ቤት ሰብሮ ገብቶ በባለቤቱ ምጣድ፣ በባለቤቱ ዱቄትና በባለቤቱ ማገዶ ለራሱ ወገን እንጀራ እንደሚጋግር ሰው ነው። ቫይረሱ ይዞት የገባው መገልበጫ መመሪያውን ደጋግሞ ይገለብጣል። የሕዋሱ ፕሮቲን መሥሪያዎች፣ ራይቦዞም የሚባሉት፣ ያልታዘዙትን የሌላ ፕሮቲን ይሠራሉ። አዲሶቹ ቫይረሶች ከሕዋሱ ስስ ቅባታም ሽፋን ላይ እየቀደዱ፣ ያንኑ ለብሰው ይወጣሉ፤ ወደሚቀጥለው ነርቭም ይሻገራሉ። ይህን የቅባት ልብስ አስታውሱልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ከሁሉ የሚያስደነግጠኝ ጸጥታው ነው። የፖሊዮ ቫይረስ የያዘውን ነርቭ ስለሚገድል የልጁ እግር ይሰንፋል፤ ሰው አይቶ ያውቀዋል። የእብድ ውሻው ቫይረስ ግን ነርቩን አይገድልም፤ የሚጓዝበትን መንገድ አያፈርስም። ገላችን የሚጮኽበት ምክንያት እንዳያገኝ ሆኖ ነው የሚያልፈው። ትኩሳት የለም፣ እብጠት የለም። የንክሻው ቁስል ይደርቃል፣ ይጠግጋል። ልጁ ከብት ይጠብቃል፣ ይጫወታል፣ ይበላል። እኛም «አየህ፣ ምንም አልሆነም» እንላለን።

ይህ ጸጥታ ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ወር ይቆያል። አንዳንዴ ከሳምንት ያጥራል፤ ከዓመት የሚያልፍበትም ጊዜ አለ። ቫይረሱ ንክሻው አካባቢ በጡንቻ ውስጥ ለቀናትና ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል፤ ነርቭ ውስጥ ከገባ በኋላ ግን መንገዱ በቀን በሴንቲ ሜትር ይቆጠራል። ስለዚህ ፊቱን፣ አንገቱን ወይም እጁን የተነከሰ ሰው እግሩን ከተነከሰው ያነሰ ጊዜ ይኖረዋል። ልጅ ደግሞ አጭር ነው። ውሻ ሲዘልበት ጥርሱ የሚያርፈው ፊቱና ራሱ ላይ ነው፤ ከዚያ እስከ አንጎሉ ያለው መንገድ ምን ያህል ነው? እጃችሁን በልጅ ልጃችሁ ጉንጭ ላይ አድርጉና ገምቱት።

አንጎል ከደረሰ በኋላ የሚሆነውን ያየ አይረሳውም። መጀመሪያ የዳነው ቁስል ቦታ ያሳክካል፣ ይቆጠቁጣል። ትኩሳትና መረበሽ ይከተላል። ከዚያም ልጁ ውሃ ሲቀርብለት ጉሮሮው ይታነቃል። ጥሙ ግን ያቃጥለዋል። በምሠራበት ጤና ጣቢያ አንድ እረኛ ልጅ እናቱ ጣሳ ውሃ ስታቀርብለት አንገቱ ወደ ኋላ ተቆልምሞ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ፤ ንፋስ ሽው ሲልበት እንኳ እንደዚያው ይሆን ነበር። አብረውት የመጡት ሽማግሌዎች «ይኸው፣ ውሃ ይፈራል፤ ርኩስ መንፈስ ነው» ይባባሉ ነበር። ርኩስ መንፈስ አልነበረም። ቫይረሱ መዋጥንና መተንፈስን የሚያዘውን የአንጎል ክፍል ይዞታል፤ ልጁ ለመዋጥ በሞከረ ቁጥር የጉሮሮው ጡንቻዎች ይኮማተራሉ። ከዚያ በኋላ ውሃ ማየቱ ብቻ ይበቃል። ቫይረሱ ከአንጎል ተመልሶ በነርቭ ወደ ምራቅ ዕጢዎች ይወርዳል፤ በምራቅ ውስጥ ይበዛል፤ መዋጥ ያቃተው አፍም ምራቁን ወደ ውጭ ያዘንባል። በውሻው አፍ የምናየው ለሃጭ ይኸው ነው። የታመመው እንስሳ እንዲናከስ የሚያደርገው የአንጎል መታወክና ቫይረሱ የሚወጣበት ምራቅ በአንድ ጊዜ ይገጥማሉ። ያ ልጅ በቀናት ውስጥ አረፈ። የተነከሰው ከሁለት ወር በፊት ነበር።

ሁለት ወር ሙሉ ምን ሲደረግለት ቆየ? መድኃኒት አዋቂ ቤት ሥር ተበጥብጦ ተሰጥቶታል። ይህን ስል የባህል ሕክምናን የምንቅ እንዳይመስላችሁ፤ ወገሻ እጄን አቃንቶልኛል፣ እናቴ በቅጠል አሳድጋኛለች። ነገር ግን የእብድ ውሻ መድኃኒት አዋቂ የሚታወቅበት ዝና ከየት እንደመጣ ልንመረምር ይገባናል። የነከሰ ውሻ ሁሉ እብድ አይደለም። እብድ ውሻ የነከሰው ሁሉም አይያዝም፤ ልብስ ምራቁን ሊያስቀረው ይችላል፣ ምራቁ ውስጥ ያለው ቫይረስ ትንሽ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አሥር ሰው ሥሩን ጠጥቶ ብዙዎቹ ዳኑ ይባላል፤ እነዚያ ግን ባይጠጡም አይሞቱም ነበር። የሞተው ደግሞ የሞተው ከሁለት ከሦስት ወር በኋላ ስለሆነ ማንም ከመድኃኒቱ ጋር አያያይዘውም፤ «ሌላ ነገር ነው የገደለው» ይባላል። የዳኑት እየመጡ ይመሰክራሉ። የሞቱት አይመሰክሩም። እኛ ሽማግሌዎች በዳኝነት ስንቀመጥ የአንዱን ወገን ምስክር ብቻ ሰምተን አንፈርድም፤ በዚህ ነገር ላይ ግን ስንፈርድ ኖረናል።

ስለ ጸበልም ሳልናገር አላልፍም። አማኝ ነኝ፤ ጸበል እጠመቃለሁ፣ ልጆቼንም አስጠምቄአለሁ። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በኤችአይቪ ጊዜ መድኃኒትና ጸበል አብረው መወሰድ እንደሚችሉ በአደባባይ ተናግረዋል። አባቶቼ፣ ለተነከሰም ልጅ ያንኑ በሉልኝ። መጀመሪያ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ በፈለጋችሁት ሰዓት ጸበል። ሱባዔ አስይዞ ልጁን ሁለት ሳምንት ከክትባት ማራቅ ግን ቫይረሱ መንገዱን እንዲጨርስ መፍቀድ ነው።

ያ የቅባት ልብስ ትዝ ይላችኋል? ቫይረሱ ከሕዋስ ቀድዶ የለበሰው ቅባት በሳሙና ይቀልጣል። ያ ሽፋን የፈረሰበት ቫይረስ ጂ ፕሮቲኑን የሚሰካበት ስለሌለው ነርቭን መያዝ አይችልም። ስለዚህ የመጀመሪያው ሕክምና ውድ መድኃኒት አይደለም፤ በየቤታችሁ ያለ ሳሙናና ውሃ ነው። ቁስሉ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ሙሉ ይታጠብ። የቧንቧ ውሃ ከሌለ አንድ ሰው በጆግ እያፈሰሰ ሌላው ይጠብ። ልጁ ያለቅሳል፤ አታቋርጡ። አሥራ አምስት ደቂቃ ረጅም ነው፤ ሰዓት ያለው ሰው አጠገባችሁ ይቁም። ቫይረሱ ገና ጡንቻ ውስጥና ቁስሉ ላይ ሳለ የሚታጠበው ሁሉ መንገድ አይጀምርም። ቡና መነስነስ፣ በርበሬ መጨመር፣ ቅቤ መቀባት፣ በእሳት መተኮስ ሥጋውን ያቆስላል እንጂ ቫይረሱን አያወጣም። ቁስሉንም ቸኩሎ መስፋት አይገባም።

ከዚያ ሌሊትም ቢሆን ወደ ጤና ጣቢያ መንገድ ይጀመር። ክትባቱ የሚሠራው እንዲህ ነው። የሞተ ቫይረስ በመርፌ ይሰጣል፤ ገላ ጂ ፕሮቲኑን አይቶ ያንን የሚይዙ ፀረ እንግዳ አካላት ይሠራል። እነዚህ ቫይረሱ ላይ ተለጥፈው ነርቭን እንዳይዝ ያደርጉታል። ይህን ለመሥራት ግን ገላ ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ይወስዳል። በዚህ መሃል ክፉኛ ለተነከሰ ሰው የተዘጋጀ ፀረ እንግዳ አካል፣ ኢሚዩኖግሎቡሊን የሚሉት፣ በቁስሉ ዙሪያ ይወጋል። ቫይረሱ ነርቭ ውስጥ ገብቶ ሽቅብ ከሄደ በኋላ ግን እነዚህ ጠባቂዎች አይደርሱበትም፤ አንጎል ውስጥ ከተቀመጠማ ክትባት አይጠቅምም። ቀን ስትቆጥሩ የምትቆጥሩት ይህንን ነው። ክትባቱ የቫይረሱን ጉዞ መቅደም አለበት። ቫይረሱ አያርፍም፤ በዓልም ገበያም አያውቅም።

እዚህ ላይ በመካከላችን ያለ አንድ ፍርሃት አለ፤ አውቀዋለሁ። እኛ ልጆች ሳለን የነበረው ክትባት ከበግ አንጎል ተሠርቶ ለብዙ ቀናት በየቀኑ ሆድ ላይ ይወጋ ነበር። ያ መርፌ ያሳመመው ሰው ለልጅ ልጁ ሲያወራ፣ ሰዎች ሕመሙን ከሞት ይበልጥ ፈሩት። ስለዚያ የነገርናቸውን ያህል ስለ በሽታው አልነገርናቸውም። አሁን በሕዋስ ማሳደጊያ የሚሠራው ክትባት ክንድ ላይ፣ ለሕፃናት ደግሞ ጭን ላይ የሚሰጥ ነው፤ የመርፌዎቹም ቁጥር ጥቂት ነው። ያም ቢሆን ግን የጀመረ ይጨርስ። ሁለተኛውን ወስዶ «ድኛለሁ» ብሎ የቀረ ሰው ጥበቃው ሙሉ አይሆንለትም። የቀጠሮ ካርዱን የቤተሰቡ ሽማግሌ ይያዝ፤ የመሳፈሪያ ገንዘብ ከጎደለ ዕድሩ ይሙላ። ለቀብር ማሟላት ካልከበደን ለመድኃኒት ማሟላት አይከብደንም።

ስለ ውሻው ደግሞ። «ውሻውን ገደልነው፣ ነገሩ አለቀ» የሚሉ አሉ። ገድላችሁ ከቀበራችሁት ማበዱን ማወቅ አትችሉም። ሳይነክሳችሁ ማሰር ከቻላችሁ እሰሩት፤ ለ10 ቀን ይታይ። እብድ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ በዚያ ጊዜ ውስጥ ይታመማል፣ ይሞታል። ይህ ግን ልጁ እየታከመ ጎን ለጎን የሚደረግ ነው እንጂ ልጁ የሚጠብቅበት አይደለም። ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ዶክተር መኰንን ፈቃዱ ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1982 ባሳተሙት ጥናት፣ ከኢትዮጵያ በተገኘ የቫይረሱ ዝርያ የተያዙ ውሾች ምልክት ከማሳየታቸው እስከ 13 ቀን ቀደም ብለው በምራቃቸው ቫይረስ እንደሚያወጡ አሳይተዋል። ጅራቱን እየቆላ የሚጫወት የጎረቤት ውሻ ዛሬ ሊያስተላልፍ ይችላል ማለት ነው። «ውሻው ደህና ነው፣ የምናውቀው ነው» የሚለው ምክር ስንቱን እንደቀበረ አስቡ።

ውሾችን በጅምላ መርዝ ማብላትም መፍትሔ አልሆነም። የተገደለው ውሻ ቦታ ላይ ያልተከተበ ሌላ ይመጣል። በሽታው የሚቆመው ከአንድ አካባቢ ውሾች ከመቶ 70 ያህሉ ሲከተቡ ነው። ይህ ደግሞ የመንደር ሥራ ነው፤ ከብት ሐኪሙ ሲመጣ ውሻውን በገመድ ይዞ የሚወጣ ሰው ይፈልጋል፤ ይህንን ማዘዝ የሚችለው የሽማግሌ ቃል ነው። ባሌ ተራሮች ላይ የሆነውን ታውቁ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2003 ከእረኞች ውሾች የተላለፈው በሽታ በወብ ሸለቆ የነበሩትን ቀይ ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህል ጨረሰ። በዓለም ላይ ከእኛ አገር በቀር የትም የሌለ እንስሳ ነው፤ ዛሬ የቀሩት 500 አይሞሉም። እንዳይጠፉ የሚደረገው አንዱ ጥረት እነሱንም፣ በአካባቢው ያሉትን የገጠር ውሾችም መከተብ ነው።

ከብት ያላችሁ ደግሞ ይህን ስሙኝ። ላም መዋጥ አቅቷት ለሃጯ ሲንጠባጠብ፣ ድምፅዋ ተለውጦ ስትጮኽ፣ «አጥንት ወይም ሥር አንቋት ይሆናል» ብሎ እጁን እስከ ክርኑ ወደ ጉሮሮዋ የሚሰድድ ብዙ ነው። በሬውን፣ አህያውን እንዲሁ። ይህ በሽታ ከብትንም ይይዛል፤ ጉሮሮዋን ያሰረው የልጁን ጉሮሮ ያሰረው ያው ነው። እጅ ላይ ያለች ጭረት ለቫይረሱ ትበቃዋለች። እንደዚህ የሆነ ከብት ካለ እጃችሁን አትስደዱ፤ የእንስሳት ሐኪም ጥሩ። አስቀድሞ ያደረገው ካለም እንደተነከሰ ሰው ይታከም።

የመጨረሻው ነገር ዛሬ የምትሠሩት ነው። በመካከላችን ባለፈው ወር፣ ባለፈው ፋሲካ፣ ባለፈው ክረምት ተነክሰው «አልፏል» ብለን የተውናቸው ሰዎች አሉ። ምልክት እስካልታየባቸው ድረስ ከወራት በኋላም ቢሆን ክትባት ይሰጣቸዋል፤ ዘገያችሁ ተብለው አይመለሱም። አስታውሷቸው። ውሻው የጠፋበትን፣ ውሻው የሞተበትን፣ የማን ውሻ እንደሆነ ያልታወቀበትን ንክሻ ሁሉ አስታውሱ። ፈርቶ ለአባቱ ያልተናገረ እረኛ ልጅ ካለ እረኞቹን ራሳቸውን ጠይቁ፤ እርስ በርሳቸው ያውቁታልና። በቁስሏ ላይ ውሻ የላሳት ሕፃን ካለች እሷንም ቁጠሩ። በየቤቱ እየዞራችሁ ወይም በዕድሩ ስብሰባ ላይ ስማቸውን ጥሩ፤ ነገ ጠዋት በሚሄደው መኪና ጤና ጣቢያ ይሂዱ፤ ብቻቸውንም አትላኳቸው።